ሰሪ ላይ አዲስ ቤት ልትገዙ ነው? ቅዳሜ ያያችሁትን ማክሰኞ ሄዳችሁ እዩት

መጀመሪያ ስሙን እንገላገል። ሰሪ ነው ሚባለው፣ ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለው ካውንቲ። እናቴን በስልክ «ባንክ አበድሮን ሰሪ ልንገዛ ነው» ስላት ሱሪ መስሏት «ለሱሪ ደሞ ባንክ ምን አገባው» ብላኛለች። ከእንግሊዝ ካውንቲዎች ሁሉ ዛፍ የበዛበት ነው ይባላል፣ ከመሬቱ ሦስት አራተኛ ገደማው ደሞ ግሪን ቤልት (ግንባታ የተገደበበት አረንጓዴ መሬት) ስለሆነ ቤት መስሪያ ቦታው ጠባብ ነው፣ ዋጋውም ማይቀመሰው ለዛ ነው። እኛ ለንደን ኪራይ ሲያንገፈግፈን ዎኪንግ አካባቢ አዲስ ቤት ገዛን፣ ከዛ ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

ሁላችንም ቤት ምናየው ቅዳሜ ነው። ፀሐይ አለ፣ ልጆቹ ሳሩ ላይ ይሮጣሉ፣ ሾው ሆሙ (ለማሳያ ያዘጋጁት ቤት) ውስጥ ቡና ይሰጧችኋል፣ ሻጯ ልጅ «ዋተርሉ (ለንደን ያለው ባቡር ጣቢያ) ግማሽ ሰዓት አይሞላም» ትላችኋለች። አልዋሸችም፣ ከዎኪንግ ፈጣኑ ባቡር እውነትም ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ጊልድፎርድም አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ያ ከፕላትፎርም እስከ ፕላትፎርም ነው። ከቤታችሁ እስከ ጣቢያው ያለውን፣ አውቶብሱን፣ የፓርኪንጉን ወረፋና ክፍያ፣ ከዋተርሉ በኋላ ያለውን አንደርግራውንድ ማንም አይቆጥርላችሁም። ስለዚ ምንም ሳትፈርሙ አንድ ማክሰኞ ፈቃድ ውሰዱና ጠዋት 1 ሰዓት (በነሱ 7) ከዛ ሳይት በር ላይ ተነስታችሁ እስከ ስራችሁ ሂዱ። ማታም ተመለሱ። ባለቤቴ ይሄን ስታደርግ በር ለበር አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ሆነባት፣ በዛው ቀን አንዱን ሳይት ከሊስቱ ሰረዝነው፣ ቅዳሜ እለት ግን ሁለታችንም በጣም ወደነው ነበር።

ቲኬቱንም አብራችሁ አስሉት። የአመት ሲዝን ቲኬት የ40 ሳምንት ቲኬት ዋጋ ነው፣ ማለትም 12 ሳምንት በነፃ እንደማለት ነው፣ ግን በየቀኑ ካልሄዳችሁ አያዋጣም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚሄድ ፍሌክሲ ሚባለው አለ፣ በ28 ቀን ውስጥ 8 ቀን ያስኬዳል። በመኪና ነው ምሄደው ምትሉ ደሞ መኪናችሁ አሮጌ ዲዝል ከሆነ ዩሌዝን (ጭስ የሚበዛው መኪና ለንደን ሲገባ ሚከፍለውን) አትርሱ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ሁሉንም የለንደን ክፍለ ከተሞች ይሸፍናል፣ ገባችሁ ማለት በቀን 12.50 ፓውንድ ነው። እና በመኸር ጊዜ ቅጠሉ ሀዲዱ ላይ ይወድቅና በጎማው ተጨፍልቆ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ባቡሩ ቀስ ብሎ ነው ሚነሳው ቀስ ብሎ ነው ሚቆመው። ለዛፍ ብላችሁ መጥታችሁ ቅጠል ያስረፍዳችኋል ማለት ነው 😅

አሁን ወደ ገንዘቡ፣ እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሀበሻ በብዛት ሚመታው እዚ ነው።

ስታምፕ ዲዩቲ ሚባለው ግብር ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ተለውጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሚገዛ ሰው እስከ 300 ሺ ፓውንድ ምንም አይከፍልም፣ ከ300 እስከ 500 ሺ ላለው 5 ፐርሰንት ይከፍላል። ቤቱ ከ500 ሺ በአንድ ፓውንድ ካለፈ ግን ቅናሹ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በ500 ሺ ብትገዙ 10 ሺ ትከፍላላችሁ፣ በ505 ሺ ብትገዙ 15,250። ለአምስት ሺ ልዩነት ሌላ አምስት ሺ ከምናምን ግብር። ሻጮቹ ይሄን ስለሚያውቁ 499,950 ምናምን እያሉ ነው ዋጋ ሚለጥፉት፣ ከዛ በላይ የተለጠፈ ካያችሁ ተከራከሩ።

ቆይ ግን፣ ዋናው ነገር «ለመጀመሪያ ጊዜ» ሲሉ እንግሊዝ ውስጥ ማለታቸው አይደለም። የትም አለም። አዲስ አበባ በስማችሁ ኮንዶሚኒየም ካለ፣ ወይም ከአባታችሁ ቤት ድርሻ ከወረሳችሁ፣ የመጀመሪያ ገዢ አይደላችሁም። አብራችሁ ምትገዙት ሰው ቢኖረውም ሁለታችሁም ቅናሹን ታጣላችሁ። ይባስ ብሎ ያ ቤት (የናንተ ድርሻ) 40 ሺ ፓውንድና ከዛ በላይ ሚያወጣ ከሆነና እዚ ስትኖሩበት የነበረ የራሳችሁን ቤት ሸጣችሁ ምትተኩ ካልሆናችሁ፣ ሁለተኛ ቤት ተብሎ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 ፐርሰንት ይጨመርባችኋል፣ ለዚ ደሞ የባል ወይም የሚስት ቤትም ይቆጠራል። በቁጥር ላሳያችሁ፣ 450 ሺ ፓውንድ ቤት ለመጀመሪያ ገዢ 7,500፣ የመጀመሪያ ላልሆነ 12,500፣ ቦሌ ኮንዶሚኒየም ላለው 35 ሺ። ማን ያውቃል ብላችሁ እንዳትሞክሩት፣ ፎርሙ ላይ የምትሰጡት ቃል ነው። ለቅርብ ጊዜ ውርስ የተለየ ህግ ስላለ ግን የወረሳችሁ ሰዎች ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሶሊሲተራችሁን (የቤት ግዢውን ሚጨርስላችሁን ጠበቃ) ጠይቁ።

ላይፍታይም አይሳ ሚባለው የቁጠባ ሂሳብም እንደዛው ነው፣ የትም ቤት ኖሮት ለማያውቅ ሰው ብቻ። ከ40 አመት በታች ከሆናችሁና ካልከፈታችሁ ዛሬውኑ በአንድ ፓውንድም ቢሆን ክፈቱት፣ 12 ወር ካልሞላው ለቤት አይሰራማ። በአመት እስከ 4 ሺ ታስገባላችሁ መንግስት አንድ ሺ ይጨምርላችኋል፣ ቤቱ ግን ከ450 ሺ መብለጥ የለበትም፣ ሰሪ ላይ ይሄ ጣሪያ ቶሎ ነው ሚነካው። ወለድ ማትፈልጉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደሞ ሆም ፐርቼዝ ፕላን ሚባል ያለ ወለድ ቤት መግዣ አለ፣ ሰጪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን አዲስ ቤት ላይ ይሰጡ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

እና ዕቁብ። ሶሊሲተሯ የባንክ ስቴትመንታችንን አይታ «ይሄ 12 ሺ ፓውንድ ካሽ ከየት መጣ?» አለች። ዕቁብ ነው አልኳት። ምንድነው እሱ? 24 ሰው በወር 500 ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ይበላል። «ታዲያ ባንኩ ማነው?» ባንኩ እኛው ነን። ዝም አለች። ገንዘቡ ንፁህ መሆኑን ማረጋገጥ የህግ ግዴታዋ ስለሆነ አልፈርድባትም፣ ግን ሦስት ሳምንት በላብን። ያዳነን የዕቁቡ ፀሐፊ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ከፈረመበት ደብዳቤ ጋር መላኩ ነው። እናንተ ቤት ካሰባችሁ ከአሁኑ ወርሃዊውን በባንክ ክፈሉ፣ ስትበሉም በባንክ ተቀበሉ፣ «ዕቁብ» ብላችሁ ጻፉበት። ዘመድ ሚሰጣችሁም ገንዘብ ካለ ስጦታ ነው ብድር አይደለም ሚል ደብዳቤና የሱም ስቴትመንት ያስፈልጋል፣ ያ አጎት ስቴትመንቱን ማሳየት ማይወድ ከሆነ ቀድማችሁ እወቁት።

ሳይቱን ወደዳችሁት እንበል። ሪዘርቬሽን ፊ (ማስያዣ) ትከፍላላችሁ፣ በአዲሱ የጥራት ኮድ ስር ያለ ዴቨሎፐር (ቤቱን ሰርቶ ሚሸጠው ድርጅት) ከሆነ 14 ቀን ሃሳብ መቀየሪያ አላችሁ። ከዛ ኤክስቼንጅ (ማያስመልሰውን ውል መለዋወጥ) ለማድረግ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ነው ሚሰጧችሁ፣ ያኔ 10 ፐርሰንት ትከፍላላችሁ፣ ወደኋላ የለም። በዚ ጥድፊያ ውስጥ «የኛን ሶሊሲተር ያዙ ቶሎ ያልቃል» ይሏችኋል። ግዴታ የለባችሁም፣ እኔ ብሆን አልይዝም፣ ከሻጩ ደንበኝነት ሚያገኝ ሰው ለኔ ምን ያህል ይጮህልኛል? ዋጋ ቀንሱ ስትሏቸው ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ፣ ምክንያቱም የተሸጠበት ዋጋ ላንድ ሬጅስትሪ (የመንግስት የቤትና መሬት መዝገብ) ላይ ይወጣና ቀጣዩ ገዢ ያየዋል። ግን ምንጣፍ፣ ፍሪጅ፣ የስታምፕ ዲዩቲ እርዳታ ይሰጣሉ፣ በተለይ የሒሳብ አመታቸው ሊዘጋ ሲል። የሰጧችሁ ሁሉ ለአበዳሪው ይነገራል፣ ከበዛ ብድሩን ሊቀንስባችሁ ይችላል።

ሾው ሆሙን በሜትር ለኩት። አልጋው ትንሽ ነው፣ ሶፋው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ በር ራሱ የለም። እኛ የራሳችንን ሶፋ ልክ በጋዜጣ ቆርጠን ወስደን መሬት ላይ ዘረጋነው፣ ሻጯ ሳቀች፣ ሶፋው ግን የበረንዳውን በር ሊዘጋ ነበር።

ከዛ ጥያቄዎቹ። አንደኛ መንገዱን ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ይረከበዋል ወይስ የግል ሆኖ ይቀራል? ብዙ አዲስ ሰፈር ቤቱ ፍሪሆልድ (ከነመሬቱ የናንተ) ሆኖ እንኳ መንገዱን፣ ሳሩን፣ የልጆች መጫወቻውን ማኔጅመንት ካምፓኒ ነው ሚይዘው፣ ስለዚ ካውንስል ታክስ ከፍላችሁ ደግማችሁ በየአመቱ ለነሱ ትከፍላላችሁ። ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚጨምርና ጣሪያ እንዳለው በጽሁፍ ጠይቁ። ሁለተኛ ጎርፍ። ወንዝ ዳር ሚለው ማስታወቂያ ቆንጆ ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ግን ቴምዝና ዌይ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ቸርትሲን፣ ኢገምን፣ ጎዳልሚንግን አጥለቅልቀዋል። የመንግስቱ ድረገጽ ላይ ፖስትኮዱን አስገብታችሁ በነፃ እዩ። ብዙ ሰው ማያውቀው ደሞ ፍለድ ሪ ሚባለው የጎርፍ ኢንሹራንስ ዋጋ መቀነሻ ፕሮግራም ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ የተሰራ ቤትን አይሸፍንም፣ አዲስ ነው ብላችሁ አትዝናኑ፣ ኤክስቼንጅ ከማድረጋችሁ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ አስወጡ። ሦስተኛ ጓሮ ያለው ትልቅ ዛፍ። ካውንስሉ የጠበቀው ከሆነ ያለፈቃድ ቅርንጫፍ ብትቆርጡ ፍርድ ቤት ያስኬዳል፣ ሸክላ አፈር ላይ ከሆነ ደሞ ስሩ መሰረቱን እንዳይነካ ጠይቁ። አራተኛ አውሮፕላን፣ ሆርሊ ከሆነ ጋትዊክ፣ ስታንዌል ከሆነ ሂትሮ፣ ይሄ ጥያቄ ሳይሆን ጆሮ ነው ሚፈልገው፣ ሄዳችሁ ቁሙ።

መረከቢያ ቀንን በተመለከተ ሻጭ የነገራችሁን ወር አትመኑ። ስሙን ማልጠራው የኛ ዴቨሎፐር ሰኔ ብሎ መስከረም አስገባን። እኔ ሞኙ ቃሏን አምኜ ለአከራያችን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ አራት ሰው ተኛን፣ አንድ ቀን አልተማረረም፣ ውለታው አለብኝ። የሞርጌጅ ኦፈር (አበዳሪው ላበድራችሁ ያለበት ወረቀት) አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው ሚቆየው፣ ቤቱ ከዘገየ ያልቃል፣ ስለዚ ማራዘም ይቻል እንደሆነ ከአበዳሪው፣ ውሉ ላይ ደሞ ሎንግ ስቶፕ ሚባለው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ከሶሊሲተሩ እወቁ፣ ያ ቀን ካለፈ መውጣትና ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ።

ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ስናጊንግ ኢንስፔክተር (የአዲስ ቤት ጉድለት ፈልጎ ሚመዘግብ ሰው) ቅጠሩ፣ ጥቂት መቶ ፓውንድ ነው። የኛው ሰውዬ ካልሲውን አድርጎ ገባና ስልኩን አብርቶ መብራቱን ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ ወደ ጎን አበራው፣ ፊት ለፊት ስታየው ልስልስ ያለው ግድግዳ እንደ ጨረቃ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ታየ። ሻወሩን ከፍቶ አስር ደቂቃ ተወው፣ ከታች ወርዶ ኮርኒሱን በእጁ ዳበሰ፣ እርጥብ ነበር። 94 ነገር ጻፈ። ዴቨሎፐሩ ሁለት አመት የመጠገን ግዴታ አለበት፣ ከዛ እስከ 10 አመት ድረስ እንደ ኤንኤችቢሲ ያሉት ዋስትና ሰጪዎች ዋና ዋና የግንባታ ችግሮችን ነው ሚሸፍኑት፣ ማይዘጋ በርና የተላጠ ቀለም አይመለከታቸውም። ሁሉንም በኢሜይል ከነፎቶው ላኩ፣ ሳይት ማናጀሩ ጋ ቆሞ ማውራት ማስረጃ አይሆንም። ከዘጉባችሁ፣ ዴቨሎፐሩ ከተመዘገበ፣ በ2022 የተቋቋመው የአዲስ ቤቶች ኦምቡድስማን (ቅሬታ ሰሚ) ጋ በነፃ መሄድ ይቻላል።

አንድ ኢንስፔክተሩም ማያውቀው ነገር ልጨምር። ኩሽናው ላይ ያለው ጭስ መሳቢያ ወደ ውጪ ይወጣ እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ጭሱን በከሰል ፊልተር አሳልፈው መልሰው እዛው ቤት ውስጥ ነው ሚለቁት። በገባን ሳምንት እትዬ ቤት ልትመርቅልን መጥታ ቡና ስትቆላ ኮሪደሩ ላይ ያለው አላርም ጮኸ፣ ከዛ ፎቅ ያለው ተከትሎ ጮኸ፣ ሁሉም የተያያዙ ናቸው ለካ፣ እሷ መቁያውን ይዛ «ምን አድርጌ ነው?» እያለች ስትዞር እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ አራግባለሁ። አሁን ምንቆላው የጓሮ በር ከፍተን ነው።