ርካሽ ባለመብራት የጌም ኪቦርድ ለዕለት ሥራ ይሆን እንደሆነ እንዴት ይፈተሻል?

ባሕር ዳር ላይ የጌም ኪቦርድ የሚገዛው ሁሉ ጌም ተጫዋች አይደለም። የላፕቶፑ ኪቦርድ ላይ ሦስት አራት ፊደል እምቢ ያለበት የፖሊ ተማሪ ይገዛዋል። ፔዳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተች ልጅም ትገዛዋለች። ማታ መብራት ሲጠፋ ሪፖርቱን የሚጨርሰው የቢሮ ሠራተኛም እንደዚያው። ዋጋው ከተራው ኪቦርድ እጅግም አይርቅ፣ በዚያ ላይ ያብረቀርቃል። ጣጣው ያለው ግን እዚያው ማብረቅረቁ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየተቀያየረ ሲበራ ዓይን ይወዳል፣ ብር ይወጣል፣ ጣት ግን ገና ምንም አልሞከረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ መብራቱን አጥፍታችሁ ፈትሹ። ያንን ካለፈ በጨለማ ፈትሹ። ሁለቱንም ካለፈ ዋጋ ተከራከሩ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

ላፕቶፕ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መሸከሙ ከከበዳችሁ የኦቲጂ ማገናኛ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ በኦቲጂ የተሰካ ኪቦርድ ይቀበላል። ሰክታችሁ ማስታወሻ መጻፊያውን መክፈት ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ መብራት ቢጠፋም ሙከራው አይቋረጥም። «እዚህ ኮምፒውተር የለንም ወንድም ዓለም፣ ሸጋ ዕቃ ነው፣ ቤትህ ሄደህ ትሞክረዋለህ» ለሚል ሻጭም መልሱ እሱው ነው፤ ስልክ ማውጣት።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ ወስኑ። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል ያስፈልጋችኋል? ሒሳብ የምትሠሩ፣ ኤክሴል ላይ የምትውሉ ከሆነ ሙሉውን ውሰዱ፤ 104 ቁልፍ ገደማ ያለው ነው። ካልሆነ የቁጥር ክፍል የሌለው ባለ 87 ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ይቆጥባል፣ ለማውሱም እጅ ይቀርባል። ከዚያ የሚያንሰው ባለ 61 ቁልፍ ግን ሲያዩት ቢያምርም ለጽሕፈት ሥራ አልመክረውም። የቀስት ቁልፎቹና ዲሊት ለብቻቸው አይገኙም፤ ኤፍኤን (Fn) የሚለውን ይዞ መጫን ግድ ይሆናል። ረጅም ጽሑፍ የሚያርም ሰው በአንድ ሳምንት ይማረራል።

መብራቱን አጥፉት

ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚጠፋው በስክሮል ሎክ ነው። ብቻውን ካልሠራ ኤፍኤንን ይዛችሁ ጫኑት። አንዳንዱ ላይ የአምፖል ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ። ጨርሶ የማይጠፋ ዓይነት ከገጠማችሁ እዚያው ተዉት። ቀን ፀሐይ ባለበት ቢሮ ውስጥ የሚርገበገብ መብራት ለምንም አይጠቅምም።

አሁን የያዛችሁት ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ነው። ጻፉበት። አማርኛ ጻፉበት።

አማርኛ ኪቦርድ ያደክማል። በድምፅ በሚጻፍባቸው የግእዝ ፕሮግራሞች አንድ ፊደል ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ትነካላችሁ፤ አንዱ ተነባቢ፣ አንዱ አናባቢ። እንደ ጠ እና ጨ ያሉት ደግሞ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሺፍት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሺፍትና አምስቱ አናባቢዎች ቀኑን ሙሉ ይደበደባሉ። ሣጥኑ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አታገኙም።

«ጠጅ ጠጥቶ ጨዋታ ጨመረ» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጻፉ። አንዴ በግራው ሺፍት፣ አንዴ በቀኙ። ፍጠኑ። ትንሿ ጣት ሺፍቱን ዳሩ ላይ ስትነካው የማይሰማ ከሆነ «ተጅ ተትቶ» ሆኖ ይወጣል። ይኼኛውስ ወዲያው ይታያል። የሚከፋው «ጠራ» የነበረው «ተራ» ሲሆን ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈውና ማመልከቻው ላይ ታትሞ ይወጣል። ስልካችሁ በተሰካው ኪቦርድ አማርኛ አልጽፍ ካለ በላቲን ፊደል ሞክሩት፤ ካፒታሉ ሳይዘል መውጣቱን እያያችሁ።

ቀጥላችሁ ረጃጅሞቹን ቁልፎች በጫፋቸው ጫኗቸው። ስፔስን በግራ ጫፉ፣ ከዚያ በቀኝ ጫፉ። ኢንተርንም፣ ባክስፔስንም። የትም ብትነኩት እኩል መውረድ አለበት። አንዱ ጫፍ ወርዶ ሌላው ተንጋዶ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም እየተንቋቋ የሚመለስ ከሆነ፣ ሲውል ሲያድር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

ቁልፎቹ መሥራታቸውን ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና የ«O» ፊደልን አንድ ላይ ጫኑ። ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ሥዕል ይመጣል። እናንተ የነካችሁት ቁልፍ ሥዕሉ ላይም ይበራል። ከላይ ከግራ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ሂዱ።

የጌም ኪቦርዶች ላይ አንድ የተለመደ ድንጋጤ አለ። ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ በድንገት ፊደል መጻፍ ትተው እንደ ቀስት ይሆናሉ። ተበላሸ ብሎ የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው። አልተበላሸም። በብዙዎቹ ላይ ኤፍኤንና ደብሊውን አንድ ላይ መንካት ያቀያይራቸዋል፤ ያንኑ መድገም ይመልሳቸዋል። የዊንዶውስ ቁልፍ አልሠራ ሲልም እንዲሁ ነው፤ ጌም መሃል እንዳይነካ የሚቆልፈው አለ፣ ኤፍኤንን ይዞ እሱኑ መጫን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሣጥኑ የሚያወራውን መመዘን

«አንቲ ጎስቲንግ 26 ቁልፍ» የሚል ታያላችሁ፤ አንዳንዱ 19 ይላል። ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ቁልፎቹ የጋራ መስመር ይጋራሉ፤ አንዳንድ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ኪቦርዱ መለየት ያቅተውና አንዱን ይውጠዋል። ፋብሪካው ጌም ላይ አብረው የሚነኩትን ቁልፎች መርጦ እንዳይዋዋጡ ያደርጋል፤ ቁጥሩ የእነሱ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ሺፍት ይዛችሁ ፊደሎቹን በተራ ጻፉ፤ ሳይወጡ የሚቀሩ ይኖራሉ። እኔ ግን በዚህ ብቻ ኪቦርድ አልጥልም። ሁለት ሺፍት ይዞ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም።

«1 ሚሊሰከንድ» የሚለው የምላሽ ፍጥነትም ለጽሕፈት ትርጉም የለውም። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ የሚጠይቀው ተራ ኪቦርድ በ8 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ጣታችሁ ልዩነቱን አያውቀውም።

«ሜካኒካል» የሚለው ግን ቁም ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚዋሽበት እዚህ ላይ ነው። «ሜካኒካል ስሜት» ማለት ሜካኒካል አይደለም፤ ከሥር ጎማ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንድ ቁልፍ ወደ ላይ ሳቡ። ለየብቻው የተተከለ ትንሽ ሣጥን (ስዊች) ከታየ ሜካኒካል ነው። ከኪቦርዱ አካል ጋር የተያያዘ ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተት ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ሜምብሬን (ባለ ጎማው) ነው፤ መሃሉን መስቀል አስመስለው ቀለም የቀቡትም አለ፣ እሱ አያታላችሁ። ልዩነቱ ጣት ላይ ይመጣል። የተለመደው ሜካኒካል ቁልፍ 4 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል፣ 2 ላይ ሲደርስ ግን ፊደሉ ወጥቷል። ሜምብሬኑ መሬት እስኪነካ ይፈልጋችኋል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ይኼ ድካም ነው። በሌላ በኩል ባለ ሰማያዊ ስዊቹ ሜካኒካል ይጮሃል። ዶርም ውስጥ ሌሊት የሚጽፍ ተማሪ ጸጥ ያለ ሜምብሬን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ካልሆነ ጓደኞቹ ኪቦርዱን በመስኮት ይወረውሩታል።

ጃኬት አልብሱት

አሁን መብራቱን አብሩት። ቀን በባሕር ዳር ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ሱቅ ውስጥ፣ የኪቦርድ መብራት አይመዘንም። ጃኬት ወይም ነጠላ ጣሉበትና ከሥሩ እዩ። ሻጩ ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ።

የምትፈልጉት የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። የሚበራው ፊደሉ ራሱ ነው ወይስ ዙሪያው? አንዳንዶቹ ላይ ብርሃኑ በቁልፎቹ መሃል ይወጣል እንጂ ፊደሉን አያልፍም። ያ ጌጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አንድም ፊደል አያሳያችሁም። ፊደሉ የሚበራ ከሆነ ደግሞ የቁጥሮቹን ረድፍ ተመልከቱ። ቃለ አጋኖው፣ ቅንፉ፣ የመቶኛ ምልክቱ ይነበባል? አምፖሉ ከቁልፉ አንድ ጫፍ ሥር ብቻ ሲሆን በሌላው ጫፍ ያለው ምልክት ይደበዝዛል። ከዱባይ የመጣ ዓይነት ከሆነ አረብኛም ስለሚጨመርበት ቁልፉ ይጨናነቃል።

የግእዝ ፊደል ስቲከር ለመለጠፍ ያሰበ ሰው ይህን ያስብበት። ጥቁር ስቲከር ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ ባለመብራት መግዛቱ ከንቱ ይሆናል። ወይ ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፈውን ፈልጉ ወይ በድምፅ መጻፍ ልመዱ።

ፊደሉ ይቆይ እንደሆነ ለማየት አዲሱን አትመልከቱ። ለማሳያ የተቀመጠውን፣ ስንቱ የዳበሰውን፣ እሱን እዩ። ርካሾቹ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ፊደሉ በሌዘር የተፋቀባቸው ናቸው። ቀለሙ ሲያልቅ ፊደሉ ጠፍቶ ቁልፉ በሙሉ መብራት ይሆናል።

ባትሪውና ትንኙ

መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ስትሠሩ ኪቦርዱም ከዚያው ባትሪ ይጠጣል። ጀርባው ላይ የሚፈልገው ኃይል ተጽፏል። 5 ቮልት፣ 200 ሚሊአምፔር ቢል ሁለቱን ስታባዙ 1 ዋት ይመጣል። ላፕቶፓችሁ 10 ዋት የሚወስድ፣ ባትሪው 40 ዋትሰዓት የሚይዝ ቢሆን 4 ሰዓት ይቆይ የነበረው 3 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የጀርባው ቁጥር ጣሪያው ነው፤ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ከቻላችሁ ከዚያ ያነሰ ይወስዳል። ስለዚህ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑን እዚያው ሱቅ ሞክሩ። የመጨረሻው ዝቅታ ለጨለማ ክፍል ይበቃል።

ጣና ዳር የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለው። ማታ መስኮት ከፍቶ፣ በጨለማ ክፍል ኪቦርድ አብርቶ የተቀመጠ ሰው ትንኝ እንግዳው ነው። ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ነፍሳትን ከቀይ ይበልጥ ይስባል። ቀለሙን መርጣችሁ በቀይ የምታቆሙት ኪቦርድ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ለዓይንም አይከብድም። በርካሾቹ ላይ ግን ቀለሙ ቦታ ቦታውን ይዞ የተተከለ ነው፤ ግራው ቀይ ከሆነ ሁልጊዜ ቀይ ነው። መቀየር የሚችለውና የማይችለው ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፣ ስለዚህ ጠይቁ፣ አስቀይሩም።

ከመክፈል በፊት

የሞከራችሁት የማሳያውን ከሆነ የምትወስዱት እሱን አይደለም። የታሸገውን አስከፍቱና ስክሪኑ ላይ ባለው ሥዕል አንድ ዙር ሂዱበት። ኪቦርዱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ትንሽ ጠምዝዙት፤ የሚንጣጣ ከሆነ ቀጭን ነው። ከሥር ያሉት የጎማ እግሮች መሟላታቸውን እዩ። «ካልሠራ እስከ መቼ ትቀይሩልኛላችሁ?» በሉና ቀኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የቃል ዋስትና ሻጩ ፈረቃ ሲቀይር አብሮ ይቀየራል።

ቡና ሲደፋበት

ቤት ውስጥ ይኼ መድረሱ አይቀርም። ሜምብሬን ኪቦርድ ውስጡ ሦስት ስስ ፕላስቲክ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ነው፤ የመሃሉ ዓይን አለው፣ የላይኛውና የታችኛው በዚያ ዓይን በኩል ሲነካኩ ፊደሉ ይወጣል። ስኳር ያለው ቡና እዚያ መሃል ሲገባ ይጣበቃል። ወዲያው ንቀሉት። መጥረጉን ተዉትና መጀመሪያ ግልብጥ አድርጉት፣ ይውረድለት። ቁልፎቹን ነቅላችሁ ለብቻቸው በውኃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፤ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አለዚያ ቦታቸው ይጠፋችኋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ የፀጉር ማድረቂያም አታስጠጉ፤ ስሱ ፕላስቲክ በሙቀት ይጣመማል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ ተገልብጦ ሁለት ቀን ይደር። ከዚያ ሰክታችሁ ሺፍቱን ሞክሩ።