ለወጣት አንባቢ ልብ ወለድ መምረጥ፦ ከጥያቄው እስከ መጽሐፉ

«ጥሩ መጽሐፍ ንገሩኝ» ስትባሉ ቀድሞ አፋችሁ ላይ የሚመጣው እናንተ የወደዳችሁት ነው። እሱን ለጊዜው ያዙትና ጠያቂዋን ስሟት። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛው፦ «ሳታቋርጪ የጨረስሽው መጽሐፍ ወይም ድራማ የትኛው ነው? ምኑ ያዘሽ?» ሁለተኛው፦ «ጀምረሽ የተውሽውስ? የት ላይ ሰለቸሽ?» ብዙ ጊዜ የበለጠ የሚጠቅመው የሁለተኛው መልስ ነው። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወጃለሽ?» ካላችኋት ግን «ማንኛውንም» ትላለች፤ በዚያ መልስ ደግሞ መጽሐፍ አይመረጥም።

የሲያትሏ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፦ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት እና ቋንቋ። መልሷን በእነዚህ በሮች አዳምጡ። «ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ መተኛት አቃተኝ» ካለች በሯ ታሪክ ነው። «ልጅቷ ጓደኛዬ መሰለችኝ» ካለች ገጸ ባሕርይ ነው። «እዚያ አገር ብኖር ብዬ ተመኘሁ» መቼት ነው፤ ዓረፍተ ነገር ፎቶ አንስታ ለጓደኛዋ የምትልክ ደግሞ የቋንቋ ሰው ናት። በር ከዘውግ (ከልብ ወለዱ ዓይነት) ይቀድማል። ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልብ ወለድ) የወደደችው ለገጸ ባሕርይዋ ብላ ከሆነ፣ ጦርነት የበዛበት ሌላ ፋንታሲ ከምትሰጧት ጠንካራ ባለታሪክ ያላት የዛሬ ሕይወት ልብ ወለድ ብትሰጧት ይሻላል።

ፋንታሲ ላይ ጀማሪ የሚሸነፈው በመጀመሪያዎቹ 60 ወይም 70 ገጾች ነው። ስሙ፣ አገሩ፣ የአስማቱ ሕግ፣ የነገሥታቱ ጠብ ሁሉ በአንዴ ይወርድበታል። የአምስት ስድስት ሰዎችን ስም ከነዝምድናቸው በብጣሽ ወረቀት ጻፉና ወረቀቱን ዕልባት አድርጉት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መጨረስም ይረዳል፤ በቀን አምስት ገጽ እየቆነጠሩ ፋንታሲ ከጀመሩ በማግስቱ ማን ማን እንደነበር ይጠፋል። የቶሚ አዴየሚን «ችልድረን ኦቭ ብለድ ኤንድ ቦን» (እ.ኤ.አ. 2018) ውሰዱ። አስማቱ ከዮሩባ ባህል የተቀዳ ነው፣ ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ ሦስት ተራኪዎች እየተፈራረቁ ሁሉም «እኔ» እያሉ ያወራሉ። የተራኪው ስም የምዕራፉ ራስጌ ላይ ተጽፏል፤ እሱን የዘለለ አንባቢ ሁለት ገጽ ሄዶ «አሁን የሚናገረው ማነው?» ይላል። ይህን አንድ ነገር ቀድማችሁ ብትነግሯት መጽሐፉን ከመጣል ታድኗታላችሁ። ተከታታይ ከሆነ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ሁለተኛውን ክፍል በስህተት ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። መጠበቅ ለማይችል አንባቢ ያለቀ ተከታታይ ስጡ፤ የአዴየሚ ተከታታይ ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ ተጠናቋል።

የፍቅር ልብ ወለድ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ያደገ አንባቢ ታላቅ የፍቅር ታሪክ ሲባል ልቡ ለለቅሶ ይዘጋጃል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜውን በርዕሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛው «ሮማንስ» ዘውግ ግን ደራሲው ለአንባቢው የሚገባው ውል አለ፦ ፍጻሜው ያማረ ይሆናል፣ ቢያንስ ተስፋ ያለው። «ሮማንስ ነው» ብላችሁ ሞት ያለበት መጽሐፍ ከሰጣችኋት ተታለልኩ ትላለች፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ፍጻሜውን ሳትነግሯት ዓይነቱን ንገሯት፦ «ያስለቅሳል» ወይም «ፈገግ ብለሽ ትዘጊዋለሽ»። የምትወደውን የፍቅር መንገድም ጠይቋት፤ ከጠላትነት የሚጀምር፣ ለይስሙላ ፍቅረኛ መስለው እውነት የሚሆንባቸው ወይስ የልጅነት ጓደኞች?

የዛሬ ሕይወት ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ 300 ገጽ አካባቢ ስለሆነ ከንባብ ለራቀ ልጅ ጥሩ መመለሻ ነው። ከባድ ጉዳይ የሚበዛውም እዚሁ ነው። የአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» (እ.ኤ.አ. 2017) የ16 ዓመቷን ስታርን ይዞ ይነሳል፤ ሰፈሯ የጥቁሮች፣ ትምህርት ቤቷ ነጮች የበዙበት የግል ትምህርት ቤት ነው፣ በሁለቱም ቦታ ሌላ ሰው ሆና ትናገራለች። ቤት በአማርኛ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚኖሩ የስደተኛ ልጆች ይህን ሳይነገራቸው ይገባቸዋል። ጓደኛዋ በፖሊስ ተተኩሶ ሲሞት ታያለች፤ ስድብም አለ። ሁለቱንም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ።

የራሳችሁን ንባብም ለምክር እንዲሆን አድርጋችሁ አንብቡ። መጽሐፉ ባለቀ በአንድ ቀን ውስጥ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ካርድ ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ የሚቀረው «ደስ ይላል» ብቻ ነው። የኒኮላ ዩን «ዘ ሰን ኢዝ ኦልሶ ኤ ስታር» (እ.ኤ.አ. 2016) ካርድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ናታሻ፣ ከጃማይካ የመጣች፤ ቤተሰቧ ዛሬ ማታ ከአሜሪካ ሊባረር ነው። ዳንኤል፣ የኮሪያ ስደተኞች ልጅ፤ ወላጆቹ ሐኪም እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ እሱ ገጣሚ መሆን። አንድ ቀን፣ ኒው ዮርክ። አጫጭር ምዕራፎች፣ ተራኪ ይቀያየራል። በሩ፦ ገጸ ባሕርይ። ለማን፦ ‹ሐኪም ሁን› ለሚባል ልጅ፤ ረጅም ምዕራፍ ለሚሰለቸው።»

የመጨረሻው መስመር ከሁሉ ይጠቅማል። «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ መጻፍ ካርዱን ባዶ ማድረግ ነው።

ሽፋን ያታልላል። በካርቱን ሥዕል ያጌጡ የአዋቂ የፍቅር መጻሕፍት የወጣት ይመስላሉ፤ «ሮማንታሲ» ከሚባሉት (ፍቅርና ፋንታሲ ከተቀላቀሉባቸው) ውስጥም ብዙዎቹ ግልጽ የወሲብ ትዕይንት ያለባቸው የአዋቂ መጻሕፍት ናቸው። የወጣቶች የሚባለው በተለምዶ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ነው። በጀርባው ወይም በሽፋኑ እጥፋት ላይ ዕድሜ ተጽፎ እንደሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱም በወጣቶች መደርደሪያ አስቀምጦት እንደሆነ እዩ። ባለታሪኳ ከ20 ዓመት በላይ ሆና ሥራ የምትውል ከሆነ ደግማችሁ አጣሩ።

ስትሰጡ ሁለት ወይም ሦስት ይሁን፤ አሥር ርዕስ የተላከላት አንዱንም አትከፍትም። አንዱ የምታውቀውን የሚመስል፣ ሌላው ትንሽ ራቅ የሚል ይሁን። ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር፦ ማን ምን ፈልጎ ምን ገጠመው፤ ለምን ለእሷ እንደመረጣችሁት። አሜሪካ ላለች ልጅ ገንዘብ እንቅፋት አይሁን፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላት በሊቢ መተግበሪያ በነፃ ትዋሳለች፣ የድምፅ መጽሐፍም አለ። ወላጅ «መስማት ንባብ አይደለም» ካለ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ አስታውሱት።

ፐርል ለመተው ሕግ አላት፦ 50 ገጽ አንብበሽ ካልያዘሽ ተዪው፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ይቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ ያንብብ። ለፋንታሲ ግን 50 ያንሳል፤ 100 ስጡት። ከሳምንት በኋላ «ወደድሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ላለማስቀየም «አዎ» ትላለች። «የት ደረስሽ?» በሏት። «ምዕራፍ አራት ላይ ነኝ፣ ግን ወንድሙ አናደደኝ» ካለች መጽሐፉ ይዟታል። «ጊዜ አጣሁ» ካለች ወስዳችሁ ሌላ ስጧት፣ ያቆመችበትን ገጽም ካርዱ ላይ ጻፉ።