በእጄ የሠራሁት ማለስለሻ ማሽን ሳንቃውን ሞገድ ሲያደርግብኝ

ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) በክብ በክቡ ቆርጬ፣ የብረት ዘንግ ላይ ደርድሬ በኮላ ያጣበቅኩት፣ ብርጭቆ ወረቀት የሚጠመጠምበት ሲሊንደር አራት ቀን ፈጀብኝ። የዋንዛ ሳንቃ ሳስገባ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። በጣት ሲዳሰስ በደንብ ይታወቃል።

ኩሽኔታ ቀየርኩ። ቺንጊያ አጠበቅኩ። ብርጭቆ ወረቀቱን በቀጭን ተካሁ። ወይ ፍንክች!

ለካ ሲሊንደሩ ራሱ ክብነቱ የተስተካከለ አልነበረም። ወረቀቱን ላጥኩና ሲሊንደሩን ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩበት። ከዚያ ቀጥ ባለ ሰሌዳ ላይ ባለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጣብቄ ከሥሩ አስገባሁ። ሞተሩ እየዞረ ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ ጠረጴዛውን በጣም በትንሽ በትንሹ ከፍ አደረግኩ። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው። የእርሳሱ መስመር ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አቆምኩ።

ወረቀቱን መልሼ ጠመጠምኩ። ዋንዛው ልስልስ ብሎ ወጣ።