በሳሎን መስኮት ብርሃን የፖርትሬት ፎቶግራፍ ማንሣት

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና ከስልኩ ወይም ከአንዲት አሮጌ ካሜራ በስተቀር ምንም መሣሪያ የሌለው ጀማሪ፣ ለፖርትሬት፣ ማለትም የሰውን ፊት አጉልቶ ለሚያሳይ ፎቶ፣ የሚያስፈልገው ዋና መብራት ሳሎኑ ውስጥ አለ፤ እሱም መስኮቱ ነው። ብዙዎች ቀድመው የሚገዙት ሪንግ ላይት (የቀለበት ቅርጽ ያለው መብራት) ፊትን ከፊት ለፊት እኩል ስለሚያበራ የጉንጭንና የአፍንጫን ቅርጽ ያጠፋል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ለጊዜው ማቆየት ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድመው የክፍሉን አምፖሎች ያጥፉ። የቀን ብርሃን ወደ 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ ቢጫ አምፖል ደግሞ ወደ 2,700 ኬልቪን ስለሚጠጋ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ የፊት አንዱ ወገን ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካንማ ይመስላል፤ ይህን በኋላ ማቃናትም አድካሚ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ቀለሙን ፊት ላይ ስለሚያሳርፍ ፎቶ ተነሺውን ከግድግዳው ያርቁ።

ቀጥሎ ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበትን መስኮት ይምረጡ። በአውሮፓ የተለመደው ምክር ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል የሚል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በእነዚህ ወራት የደቡቡ፣ በበጋ የሰሜኑ መስኮት ይመረጣል። ምርጫ ከሌለ ስስ ነጭ መጋረጃ መዘርጋት ነው። ከመስኮቱ በታች አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ የጎረቤት ጣሪያ ካለ ግን ይጠንቀቁ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ከታች ወደ ላይ ኃይለኛ ነጸብራቅ ስለሚልክ አገጭንና የአፍንጫን ቀዳዳ አጉልቶ ያወጣል። የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወፍራም ጨርቅ መከለል ይህን ያስቀራል።

ፎቶ ተነሺው ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ በጎኑ ይቀመጥ፤ ከዚያም ከመስኮቱ በራቀው ጉንጭ ላይ፣ ከዐይን ሥር፣ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን እስኪታይ ድረስ ፊቱን ቀስ እያለ ወደ መስኮቱ ያዙር። ብርሃኑን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ሰውየውን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ወደ መስኮቱ ይበልጥ ሲጠጋ ፊቱ ይፈካል፣ የክፍሉ ጀርባ ይጨልማል፤ ሲርቅ ደግሞ በፊቱና በጀርባው መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ብዙ ሰው ብርሃን ሲበረታበት ዐይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ጥቂት ጨፍኖ ሲገልጠው ወዲያው ማንሣት ይጠቅማል።

ጥላው ከበረታ በጥላው ወገን ነጭ ካርቶን ያቁሙ፤ ካርቶን ከጠፋ በወንበር መደገፊያ ላይ የተዘረጋ ነጠላ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጠቆር ያለ ፊት ቅርጹ የሚነበበው ቆዳው ላይ በሚያርፈው ወዝ መሰል ነጸብራቅ በመሆኑ፣ ካርቶኑን ከምስሉ ጠርዝ ውጭ የተቻለውን ያህል ማስጠጋት ውጤቱን በግልጽ ይለውጠዋል።

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያቀርብ ይሞክራል። በዚህ ምክንያት የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ፊት ይጨልማል፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ፊት ደግሞ ከልክ በላይ ይነጣል። በስልክ ሲያነሡ ጣትዎን ፊቱ ላይ ተጭነው ከቆዩ በኋላ ብርሃኑን በማንሸራተት ያስተካክሉ፤ መለኪያዎ ልብሱ ሳይሆን ፊቱ ይሁን።

ማታ ከሆነ አንድ ብርቱ የኤልኢዲ አምፖል ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው የሚመለሰውን ብርሃን ይጠቀሙ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ኸርዝ በመሆኑ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ምስሉ ላይ አግድም መስመሮች ከታዩ የመዝጊያውን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ያድርጉ፣ በ1/50 እጅ ስለሚንቀጠቀጥም ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉት።