ከሩጫ ሜዳ ወደ ኮንጋና ማይክሮፎን፦ አትሌት የነበረ ሰው የምት መሣሪያ ተጫዋችና ድምፃዊ የሚሆንበት መንገድ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር፣ ለዓመታት በክለብ የሮጠ ወይም ኳስ የተጫወተ ወጣት ጉዳት ሲደርስበት ወይም ዕድሜው ሲገፋ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባዋል። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ሙዚቃ የሚወዱና ጥሩ ጆሮ ያላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ሙዚቃ በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም ብለው ስለሚያምኑ ወደ ሙያው ሳይገቡ ይቀራሉ። አሜሪካዊው ድምፃዊ ጆኒ ማቲስ በኮሌጅ ሳለ በከፍታ ዝላይ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሎምፒክ ማጣሪያ ተጋብዞ እያለ ነው ዝላዩን ትቶ ወደ ስቱዲዮ የገባው። ስፔናዊው ሁሊዮ ኢግሌሲያስም በሪያል ማድሪድ የወጣቶች ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የመኪና አደጋ ደርሶበት ሲታከም ጊታር መነካካት ጀመረ። ሁለቱም ዓለም ያወቃቸው ድምፃውያን ሆነዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ኮንጋ (በባዶ እጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ)፣ ከበሮ ወይም ድቤ እየመታ መዝፈን ለሚፈልግና ትናንት ስፖርተኛ ለነበረ ሰው ነው።

አትሌት ለሙዚቃ ይዞት የሚመጣው ትልቁ ሀብት ልምምድን በዕቅድ የመሥራትና ዕረፍትን እንደ ሥራ የመቁጠር ልማዱ ነው። ጉልበቱ ግን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያሰናክለው ይበዛል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

እጅና ክንድ

ከበሮ መምታት ከባድ የአካል ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። በእንግሊዝ የቺቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የብሎንዲ ባንድ ድራመር የነበረውን ክሌም በርክን በመድረክ ላይ ሲከታተሉት የልብ ምቱ በደቂቃ እስከ 190 ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለውን ጫና አትሌት ከማንም በተሻለ ይችለዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አትሌቱ ድምፅ ለማጉላት ሲፈልግ ትከሻውን ያጠነክራል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ክንዱንም ያደርቃል። ኮንጋ ላይ ግን ደረቅ ክንድ ደረቅ ድምፅ ነው የሚያወጣው።

ልምምዱን በክፍት ምት ይጀምሩ። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ሆነው የቆዳውን ጠርዝ ያልፋሉ፤ የመዳፉ ሥር፣ ጣቶች የሚጀምሩበት መስመር፣ ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ እጁም ቆዳውን እንደነካ ወዲያው ይነሣል። እጅዎ ቆዳው ላይ ከቆየ ድምፁ ይታፈናል። ክፍት ምቱ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ወደ ታፈነው ምት፣ ወደ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) እና ወደ ጥፊው (ስለታሙ ድምፅ) አይሂዱ። በተለይ ጥፊው ጀማሪን ያታልላል፤ ድምፁ የሚወጣው ጣቶች ዘና ብለው ቆዳውን ሲይዙት እንጂ በኃይል ሲመቱት አይደለም። መዳፍዎ ካበጠ ወይም አንጓዎ ማታ ማታ ካመመዎት ስልትዎ ተሳስቷል ማለት ነውና "ይለመዳል" ብለው አይለፉት። በቀን ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መለማመድ ሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት ከመምታት እጅግ ይሻላል፤ ከባድ ቀንን በቀላል ቀን ማስከተልም በሩጫ እንደሚያውቁት እዚህም ይሠራል።

ረጅም ርቀት የሮጠ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ የጤና ጉዳይ አለ። በሯጮች ላይ እግር ከመሬት ጋር ደጋግሞ ሲጋጭ ቀይ የደም ሕዋሳት ተሰባብረው ሽንት እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ኮንጋ በባዶ እጅ ለረጅም ሰዓት በኃይል በሚመቱ ሰዎችም ላይ ይኸው በሕክምና ተመዝግቧል። ከረጅም ጨዋታ በኋላ ሽንትዎ የሻይ ወይም የደም መልክ ከያዘ መምታቱን ያቁሙ፣ ውኃ በብዛት ይጠጡ፣ ሐኪምም ዘንድ ይሂዱ።

ትንፋሽና ጉሮሮ

ሯጭ አየር በፍጥነት ያስገባል፣ በፍጥነትም ያስወጣል። ዘፋኝ በፍጥነት ያስገባና በቁጥብነት ያወጣል። ሳንባዎ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይጠቅምዎትም፤ የሚጠቅመው የጎን አጥንትዎን ከፈት አድርገው ይዘው አየሩን በእኩል መጠን መልቀቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው ቀላል ልምምድ በጥርስ መካከል "ስስስ" እያሉ አየሩን ለ20 ሰከንድ ያለ መቆራረጥ መልቀቅ ነው፤ ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሲሆን ወደ 30 ሰከንድ ያሳድጉት። በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር በእርምጃ እየሄዱ ሊሠሩት ይችላሉ፤ በቀትሩ ሙቀት ግን አይመከርም።

ሜዳ ላይ ለዓመታት የጮኸ ጉሮሮ ብዙ ጊዜ ሻካራ ነው። ስለዚህ ከመዝፈንዎ በፊት አፍዎን ዘግተው በዝቅተኛ ድምፅ ያንጎራጉሩ፣ ከንፈርዎንም እያንቀጠቀጡ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ድምፅ ይውጡ። ስለ ጫትም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በእኛ አካባቢ ከሠርግም ከልምምድም የማይለይ ቢሆንም፣ አፍን ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ድካምንም ስለሚደብቅ ዘፋኙ ጉሮሮው መጎዳቱን የሚያውቀው በማግስቱ ነው። ዝግጅት ባለበት ቀን ባይቅም ይመረጣል።

ጆሮም እንደ ጉሮሮ ሊጠበቅ ይገባል። በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መቆየት እንደ ወሰን ይወሰዳል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ የሚቀመጥ ተጫዋች ከዚህ በላይ ስለሚሰማ የጆሮ መድፈኛ ይግዛ።

እየመቱ መዝፈን

ሙያው የሚለይበት ቦታ ይህ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይስጡት። ሁለቱን ለየብቻ የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲያደርጉ ግን እጅ አፍን ይከተላል፣ ቃሉ ሲረዝም ምቱም ይዘገያል።

ችክችካ በተባለው ምት ይጀምሩ፤ ምክንያቱም አብዛኛው የአማርኛ ዘፈን የሚጠይቅዎት እርሱን ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ይቁጠሩ፤ እግርዎ በአንድና በአራት ላይ ይርገጥ። ይህ ሲረጋጋ እግሩን ሳያቋርጡ በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ላይ ያጨብጭቡ። አሁን እግሩ ሁለት፣ እጁ ሦስት ሆኖ በአንድ ስድስት ውስጥ ይገናኛሉ፤ የችክችካው ጣዕም ያለው በዚህ መጓተት ውስጥ ነው። ቀጥሎ ወደ ኮንጋው ይሂዱና ሜትሮኖሙን (ፍጥነትን በእኩል ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በጣም ዝግ አድርገው ምቱን ይያዙ። ምቱ በቂ መሆኑን የሚያውቁት አጠገብዎ ከተቀመጠ ሰው ጋር ስለ ሌላ ነገር እያወሩ እጅዎ ሳይዛነፍ ሲቀር ነው፤ አትሌት በቀላል ሩጫ ላይ ማውራት መቻሉን እንደሚፈትን ማለት ነው።

ማውራት ከቻሉ የዘፈኑን ግጥም ያለ ዜማ በምቱ ላይ ያንብቡ። ከዚያ ግጥሙን ትተው ዜማውን በ"ላ" ብቻ ያዚሙ። ሁለቱን የሚያገናኙት በመጨረሻ ነው። እጅዎ የሚሳሳትበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑን ያስተውላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቃሉ ከምቱ በፊት ወይም በኋላ የሚጀምርበት፣ አለዚያም ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ነው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ከመድገም ይልቅ ያንን ቦታ ብቻ ቆርጠው ይለማመዱት፤ ትንፋሽ የሚወስዱበትንም ቦታ በግጥሙ ወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉበት። ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ።

የሩጫ ልምድ እዚህ ላይ ሁለት ገጽ አለው። 400 ሜትሩን ደጋግሞ በእኩል ሰዓት የዞረ ሰው በውስጡ ሰዓት አለው፤ ይህ ለምት መሣሪያ ተጫዋች ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ሲያጨበጭብ ፍጥነት መጨመርም ያደገበት ነገር ነው፤ ምት ያዡ ከፈጠነ ደግሞ ባንዱ በሙሉ አብሮት ይሮጣል። ዝግጅትዎን በስልክ ቀርጸው የዘፈኑን መጀመሪያና መጨረሻ ከሜትሮኖም ጋር ያስተያዩ።

ቆዳና አየር

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱ በመካከላቸው ያለውን የደንገጎ ዳገት ሲወጣ አየሩ ይለወጣል። የእንስሳ ቆዳ በደረቅ ሙቀት ይወጠራል፣ በእርጥብና በቀዝቃዛ አየር ይረግባል። ስለዚህ ድሬ ላይ የቃኙትን ኮንጋ ሐረር ላይ እንደዚያው አይጠብቁት፤ መድረሻዎ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፈው ይቃኙት። ብሎኖቹን በየተራ እሩብ ዙር ብቻ እያጠበቁ ዙሪያውን ይሂዱ፤ አንዱን ብቻ ካጠበቁ ቆዳው ያዘምማል። ከጨዋታ በኋላ ያላሉት፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። በጠፍር የተወጠረ ከበሮ ከረገበ ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ማስመታት ይበቃዋል።

ከማን ይማሩ?

ይህ አካባቢ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በድሬዳዋ የተወለደው አሊ ቢራ ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ የተባለውን ቡድን ተቀላቅሎ፣ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፍኗል። በድሬ ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚዘፍን ተጫዋች ሥራ አያጣም፤ ቃሉን በትክክል ለመጥራት ግን የቋንቋው ባለቤት አጠገብ ተቀምጦ መታረም ያስፈልጋል። ሸጎዬ የተባለውን የኦሮሞ ጭፈራ ሲያዩ ዓይንዎን እግር ላይ ብቻ አያሳርፉ፤ ትንፋሽ ራሱ እንዴት ምት እንደሚሆን ያዳምጡ።

በሐረር የዚክር (በዜማ የሚቀርብ የእስልምና ውዳሴ) ሥርዓት ከረቡ የተባለው ከበሮና ከበል የተባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች አንድ ላይ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ይህን በአደባባይ ለመስማት መልካም አጋጣሚ ነው። ይሁንና ዚክር አምልኮ መሆኑ አይረሳ፤ ፈቃድ ጠይቀው፣ ታላላቆችን አክብረው፣ በጥሞና ይማሩ። ያንን ምት ወስዶ ለመጠጥ ቤት መድረክ ማዋል በእኔ እምነት ነውር ነው።

ገበያና ውል

የአካባቢው ሥራ በአብዛኛው የሚገኘው ከሠርግ ስለሆነ የዓመቱን አቆጣጠር ማወቅ የግድ ነው። ጥር የክርስቲያኖች ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ያ ሥራ ይቆማል፤ በረመዳንም እንዲሁ የሙስሊሞች ሠርግ የለም። አትሌት የውድድር ወቅትንና የዝግጅት ወቅትን መለየት ስለለመደ እነዚህን ባዶ ወራት አዲስ ዘፈን ለማጥናት ያውላቸው። እየመታ የሚዘፍን ሰው የሁለት ሰው ቦታ ስለሚሸፍን ለትንንሽ ዝግጅቶች ይፈለጋል፤ ሁለት ኮንጋና አንድ ማይክሮፎን በአንድ ባጃጅ መጓዝ ይችላሉ። ዋጋዎን ሲናገሩ ይህን ያስቡበት፤ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ክፍያ አይውሰዱ። የዝግጅቱን ሰዓት፣ የዕረፍቱን ርዝመትና የመጓጓዣውን ወጪ አስቀድመው ይስማሙ፤ ቀብድም ይቀበሉ።

ስቱዲዮ ሲገቡ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ከግጥምና ከዜማ ደራሲው ሌላ ለከዋኙም (ሥራውን ለሚጫወተው ወይም ለሚዘፍነው ሰው) መብት እንደሚሰጥ ይወቁ። በሌላ ሰው ዘፈን ላይ ኮንጋ ብቻ ቢመቱም ከዋኝ ነዎት። ስለዚህ ክፍያው የአንድ ጊዜ መሆኑ ወይም ከገቢው ድርሻ ያለዎት መሆኑ፣ ስምዎ የሚጠቀስበት ሁኔታ፣ ቅጂው በኋላ ለማስታወቂያ ቢፈለግ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ማንነት በጽሑፍ ይስፈር፤ ውሉም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ተፈርሞ አንዱ ቅጂ በእጅዎ ይሁን።