ደም መጣጭ ነፍሳት ከሚያዛምቷቸው ቫይረሶች እንስሳትን ለመጠበቅ

በረት ውስጥ መድኃኒት ከመርጨት በፊት በሽታውን የሚያመላልሰው የትኛው ነፍሳት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ደም መጣጮች ሁሉ ቫይረስን የሚያሸጋግሩት በአንድ መንገድ አይደለምና። የበረት ዝንብ ንክሻው ስለሚያም እንስሳው በጭራው ሲከላከል ሳይጠግብ ተነሥቶ፣ በአፉ ላይ የቀረውን ደም እንደያዘ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቆዳን በእባጭ የሚሞላው የለምፒ ስኪን በሽታ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ስለሆነ፣ የታመመውን ከብት ወዲያውኑ ከመንጋው ማራቅ ይጠቅማል።

ኩሊኮይደስ የምትባለው ደቃቅ ትንኝ ግን ከዚህ ትለያለች። ርዝመቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ አርቢ አያስተውላትም፤ ሆኖም የበጎችን ብሉታንግና የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታዛምተው እርሷ ናት። የመጠጠችው ቫይረስ በሰውነቷ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ በነከሰች ቁጥር ልታስተላልፍ ትችላለች። ስለዚህ የታመመው እንስሳ ከተለየ በኋላም አደጋው ለሳምንታት ይቀጥላል።

ብዙ ሰው ትንኝ ሲባል ኩሬ ማድረቅ ይቀናዋል። የኩሊኮይደስ እጮች በብዛት የሚያድጉት ግን እበት በተቀላቀለበት እርጥብ ጭቃ ውስጥ ነው። በመሆኑም የሚያንጠባጥብ ቧንቧን መጠገን፣ የውኃ ገንዳ ዙሪያን በጠጠር መደልደልና እበትን አዘውትሮ ማንሣት ይቀድማል። ትንኟ በብዛት የምትንቀሳቀሰው ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ስለሆነ፣ ፈረሶችንና በጎችን ከመምሸቱ በፊት አስገብቶ ፀሐይ ከፍ እስክትል ማቆየት ይገባል። መስኮትና በር ላይ የሚሰቀለው መረብ የወባ ትንኝ መከላከያ ዓይነት ከሆነ ቀዳዳው ስለሚያሳልፋት፣ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ወይም ለዚሁ በተፈቀደ ፀረ ነፍሳት የተነከረ መረብ ያስፈልጋል። በረራዋ ደካማ ስለሆነ በጋጥ ውስጥ ጠንካራ ማራገቢያ መትከልም ያግዛል።

ይሁንና ነፋስ እነዚህን ትንኞች በባሕር ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወስዳቸው ስለሚችል፣ የራስን ግቢ ማጽዳት ብቻውን አያስተማምንም። ዋናው መከላከያ ክትባት ነው፤ የብሉታንግ ክትባት ግን በአመዛኙ የሚሠራው ለተዘጋጀበት የቫይረስ ዓይነት ስለሆነ፣ የትኛው ዓይነት እንደተነሣ የእንስሳት ሐኪም በላቦራቶሪ ሊያረጋግጥ ይገባል። ሲከተብም መርፌው ለየእንስሳው ይቀየር፤ አንዱን መርፌ ለመንጋው ሁሉ የሚጠቀም ሰው የበረት ዝንቡን ሥራ ይሠራል።

የበግ አፍና ፊት ማበጥ ከማንከስ ጋር፣ ከፈረስ ዐይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥ፣ ወይም ከከባድ ዝናብ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚበዛ ውርጃ ከታየ፣ እንስሳትን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ቆሞ ሐኪም ይጠራ። በተለይ ውርጃው በወባ ትንኝ ዘመዶች ከሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል፣ የተጨነገፈውን ጽንስ ያለ ጓንት መንካት ሰውንም ያስይዛል።