መስቀለኛ ቃላት ሳትናደዱ ለመፍታት

የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣን የእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት በየቀኑ ከቡና ጋር ነው የምፈታው። ጀማሪ ከሆናችሁ ቅዳሜን እንዳትነኩት። ሰኞ ቀላል ነው፣ እያደር ይከብዳል፣ ቅዳሜ አናት ያዞራል። እሁድ 21 በ21 ሳጥን ስለሆነ ሰፊ ነው እንጂ ያን ያህል አይከፋም። ሐሙስ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ፊደል ይጨምቁባችኋል።

መጀመሪያ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ብቻ ሙሉ። ፍንጩ በብዙ ቁጥር ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ በኤስ ያልቃል። ፍንጩ ውስጥ ምህጻረ ቃል ካለ መልሱም እንደዚያው ነው። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን በቃ፣ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ።

አናባቢ የበዛባቸው ቃላት ይደጋገማሉ፣ ኦሪዮ ብስኩትን ስንቴ እንደሞላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አግድሙን በቁልቁሉ ሳታረጋግጡ አትመኑ። አንዴ «የአፍሪካ ቀንድ አገር» ሲለኝ፣ ይቺማ የሰፈሬ ናት ብዬ ሶማሊያን ሞላሁ። ኤርትራ ነበረች! ሁለቱም በእንግሊዝኛ ሰባት ፊደል፣ ሁለቱም መጨረሻቸው ኤ፣ እና እኔ ያቺን ኤ ይዤ ግማሽ ሰዓት ስታገል ቡናው ቀዘቀዘ። አሁን በእርሳስ ነው የምጽፈው።